ይድነቃቸው ተሰማ፡ ከኳስ ሜዳ እስከ ጉባዔ አዳራሽ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ነው። አባታቸው በግጥምና በዜማ ችሎታቸው ስማቸው የገነነው፣ ድምፃቸውን በጀርመን ሀገር በሸክላ በማስቀረጽም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩት ይድነቃቸው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከ20 ዓመታት በላይ ተጫውተዋል፤ የብሔራዊ ቡድኑንም መለያ ለብሰዋል። በአሠልጣኝነት ዘመናቸው ከፍተኛው ድል የተመዘገበው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነበር። በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ኢትዮጵያ በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ከሆነች በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

ይሁንና የይድነቃቸው ታላቁ ሥራ ያለው በጉባዔ አዳራሽ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን እንደማትልክ በማሳወቋ ከመጀመሪያው ውድድር ታገደች። በዚህ ምክንያት ተጋጣሚዋን ያጣችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ ብትደርስም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች።

ሁለተኛው ክርክር የዓለም ዋንጫ ኮታ ነበር። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) እ.ኤ.አ ለ1966ቱ ውድድር የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ኦሺኒያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ አንድ ቦታ እንዲሻማ ወሰነ። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ያስተባበሩት ተቃውሞ የአፍሪካን ሀገሮች ከማጣሪያው አስወጣ። እ.ኤ.አ በ1970 አህጉሪቱ አንድ ቀጥተኛ ቦታ ስታገኝ ሞሮኮ ተጓዘች፤ በ1982 ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ። አልጄሪያም በመጀመሪያ ጨዋታዋ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ ለእያንዳንዱ አባል ሀገር አንድ ድምፅ የሚሰጠው የፊፋ ደንብ ነፃነታቸውን ለተቀዳጁት የአፍሪካ ሀገሮች ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ በሚገባ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ በ1974 የፍራንክፈርት ጉባዔ፣ ለደቡብ አፍሪካ ያዘነብሉ የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ሮውስ በብራዚላዊው ዣኦ ሃቬላንጅ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

በዚያው በ1976 አፍሪካውያን፣ የራግቢ ቡድኗን ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከችውን ኒውዚላንድን በመቃወም ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወጡ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ በጥሩ ብቃት ላይ የነበረው ምሩፅ ይፍጠር ለወርቅ ሜዳሊያው እስከ ሞስኮ አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

እ.ኤ.አ ከ1971 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም የነበሩት ይድነቃቸው፣ በካፍ ፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በ1988 ዓ.ም ነጮችና ጥቁሮች አብረው በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በሜዳዋ አነሳች።