የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ትምህርትና መከራ

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1853 ዓ.ም. በቤጌምድር፥ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ ባለችው በይፋግ ተወለዱ። ይፋግ በዚያ ዘመን ነጋዴ የሚመላለስባት፥ ገበያዋ የታወቀ አገር ነበረች። እርሳቸውም በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ ወደ ነበረው ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ወንጌልንና የአውሮጳን ትምህርት በዚያ ተማሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ልብ አድርግ። በሚሲዮን ቤት የተማረ ወጣት ብዙ ጊዜ የአባቶቹን ትምህርት ይንቃል፤ ደብተራውንም እንደ አላዋቂ ይቈጥረዋል። ታዬ ግን ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በቅኔ መምህራን እግር ሥር ተቀመጡ። ኋላም በምንኩሉ መጽሐፈ ሰዋስው የተባለውን የግዕዝ መማሪያ አሳተሙ። ተማሪ በቃሉና በብራና ሲደክምበት የኖረውን እርባታ በማተሚያ አውጥቶ ለድኻ ልጅ ማድረስ፥ በእኔ አሳብ፥ ከስብከት የማያንስ አገልግሎት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክም ወደ በርሊን ላኳቸው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1905 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። ከዚህ ሁሉ ክብር በኋላ ግን፥ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፥ ስለ እምነታቸው ተከሰሱ፤ ታሰሩም። መከራው የወገናቸውን ፍቅር ከልባቸው አላወጣውም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአስመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ታተመ። እርሳቸው በ1916 ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ እንደ ገና ታትሟል።