የትምህርት ቤት ተቈጣጣሪው ቻርልስ ባሮን ክላርክና የቄጠማ ወገን

በዓል በመጣ ቍጥር በየቤታችን የሚጐዘጐዘውን ቄጠማ የማያውቅ አንባቢ የለንም። ነገር ግን ሣር ነው ብለን እንረግጠዋለን እንጂ፥ አንዱን አገዳ አንሥተን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያንከባለልን ጥቂቶች ነን። ያን ያደረገ ሰው አገዳው ክብ ሳይሆን ባለሦስት ማዕዘን መሆኑን ጣቱ ይነግረዋል። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም፥ ልጃገረዶች ለእንቍጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫም የዚሁ ወገን ናቸው። ዛሬ የምንጽፈው ይህን ወገን ከሣር፥ አንዱንም ዐይነት ከሌላው ለመለየት የዕድሜውን ብዙ ክፍል ስለ ሰጠ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ባሮን ክላርክ በ1832 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአንዶቨር ከተማ ተወለደ። በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ በ1856 ዓ.ም. ፈተናውን በሦስተኛ ደረጃ አለፈ፤ ሕግም አጥንቶ ለጥብቅና ተፈቀደለት። በዚያው በኬምብሪጅ የሒሳብ መምህር ሆኖ ሲሠራ ከቈየ በኋላ፥ በ1865 ዓ.ም. በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ እንዲያስተምር ወደ ህንድ ሄደ። በማግሥቱ ዓመትም የምሥራቅ ቤንጋል የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ ሆኖ በዳካ ተቀመጠ።

የተቈጣጣሪ ሥራ እየዞሩ ማየት ነው፤ የዚያም አገር መንገዱ ብዙውን ጊዜ ወንዝ ነው። ክላርክ ትምህርት ቤት ለማየት በወጣ ቍጥር በየዳርቻው ያገኘውን ተክል እየቀጠፈ፥ በወረቀት መካከል እየተጫነ ያደርቅ ነበር። የሰበሰበው ወደ 7,000 ያህል በደረሰ ጊዜ፥ በ1868 ዓ.ም. በጀልባ አደጋ ውሃ በላው። የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ቀን ጠፋ። ማንም አላዘዘውምና፥ እዚያ ላይ ቢተወው የሚወቅሰው አለቃ አልነበረውም። እርሱ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በ1877 ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ከ5,000 የሚበልጡም የሚያንሱም ሳይሆኑ በዚያው ግምት የሚቈጠሩ ዐይነቶችን የያዙ ወደ 25,000 የደረቁ እጽዋት ይዞ መጣ፤ ሁሉንም ለኪው የእጽዋት ቦታ በነጻ ሰጠ። ከዚያ በኋላ በኪው ለሥራ የቈየበትን፥ ተመልሶም በቤንጋልና በአሳም የተሾመባቸውን ልዩ ልዩ ሥራዎች መዘርዘር አንባቢን ማድከም ይሆናል። በ1887 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ።

ሌላው ጡረተኛ በሚያርፍበት ዕድሜ ክላርክ በኪው አጠገብ ቤት ይዞ፥ ያለ ደመወዝ እስከ ዕለተ ሞቱ ሠራ። ሥራውም በተለይ የቄጠማ ወገን ነበረ። ይህን ወገን ሊቃውንት ይሸሹታል፤ ምክንያቱም በቀለም የሚማርክ አበባ የለውም፥ ከሩቅም ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ የሚታመነው በቅርብ በሚታይ ምልክት ነው። የጤፍና የገብስ አገዳ አንጓ አለው፥ ቅጠሎቹም በሁለት ረድፍ ይወጣሉ፥ አገዳውን የሚያቅፈውም የቅጠሉ ሰገባ ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ነው። የቄጠማ አገዳ ግን ከሥሩ እስከ አበባው አንጓ አይታይበትም፥ ቅጠሎቹ በሦስት ረድፍ ይወጣሉ፥ ሰገባውም ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ባለሦስት ማዕዘን መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አገዳቸው ድቡልቡል የሆነ የዚህ ወገን ዐይነቶች አሉና።

ከዚህ ወዲያ ያለው በአጕሊ መነጽር የሚታይ ነው። ክላርክ ከሁሉ አብልጦ የተመለከተው ከሰናፍጭ የማይበልጠውን ፍሬ ነበር። የአበባው የሴቴ ክፍል ጫፍ በሦስት ክር የሚከፈል እንደ ሆነ ፍሬው ሦስት ጐን አለው፤ በሁለት የሚከፈል እንደ ሆነ ፍሬው ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋውም ፍሬ ወደ ዛላው ዘንግ የሚያዞረው ጠርዙን ነው ወይስ ገጹን? ጠርዙን የሚያዞሩትን ፒክሬዩስ በተባለው ነገድ ውስጥ አኖራቸው፤ ገጹን የሚያዞሩትን ደግሞ ዩንኬሉስ በተባለ ራሱን በቻለ ነገድ አኖራቸው። የሒሳብ ሰው መሆኑ በዚህ የሚታወቅ ይመስለናል።

ስለ ሐሩራዊ አፍሪካ እጽዋት በሚናገረው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ የቄጠማውን ክፍል የጻፈው ክላርክ ነው፤ በ1901ና በ1902 ዓ.ም. ታተመ። የአገራችን ቄጠማም በዚያ አለበት። ከ1837 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ እስኪሞት ድረስ እጽዋት ይሰበስብ የነበረው ጀርመናዊው ሺምፐር ያደረቃቸው አገዳዎች በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ተሰራጭተው ስለ ነበር፥ ኢትዮጵያን ያላየው ክላርክ የዐድዋን ወንዝ ዳር ተክል በጠረጴዛው ላይ ለመመርመር ቻለ።

ክላርክ በነሐሴ ወር 1906 ዓ.ም. ሚስት ሳያገባ በኪው ሞተ። ያዘጋጃቸው 144 የቄጠማ ሥዕሎች ከሞተ በኋላ በ1909 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጡ። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2010ዎቹ ዓመታት፥ ሊቃውንት የዘር ቅንጣትን መርምረው ፒክሬዩስና ዩንኬሉስ ሁለቱም ደንገል ወደሚገኝበት ወደ ሲፔሩስ ነገድ የሚመለሱ መሆናቸውን ገለጡ። ስሞቹ ቢሻሩም፥ ዛሬም ያልታወቀ ቄጠማ በእጁ የያዘ ተማሪ መለያ መጽሐፉን ሲገልጥ፥ ፍሬው ወደ ዘንጉ ያዞረው ጠርዙን እንደ ሆነ ወይም ገጹን ይጠየቃል።