ዶክተር ሃርቬይ ኩሺንግና የዕጢ ናሙና

የኮንክሪት ናሙና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው እንደሚለካ፣ በዚያም ስለ ጠቅላላው ሥራ እንደሚፈረድ የማኅበራችን አባላት ያውቃሉ። በምሠራበት በአርሲ ነገሌ አንድ ጎረቤቴ የአንጎል ዕጢ ወጥቶለት ከአዲስ አበባ በተመለሰ ጊዜ ባለቤቱ ደጋግማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ዕጢው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ። መሐንዲስ ምን ይመልሳል? ለዚህ ጥያቄ ከናሙናው መልስ ለመሻት ከደከሙት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቬይ ኩሺንግ ናቸው።

ኩሺንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በክሊቭላንድ ተወለዱ። በ1895 ከሐርቫርድ በሕክምና ተመረቁ፤ ከ1912 ጀምሮ በቦስተን በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ሠሩ። በ1926 ዊልያም ቦቪ የሠሩትን፣ ደምን በኤሌክትሪክ የሚያቆም መሣሪያ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ላይ አዋሉ። ይህ ለሙያችን ቅርብ ቢሆንም፣ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ መዝገባቸው ነው። በወጣትነታቸው አንድ ናሙና በቤተ ሙከራ ስለ ጠፋባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ያወጡትን ዕጢ ራሳቸው ያስቀምጡ ነበር። በሽተኞቻቸውም ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ዕለት በየዓመቱ ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ይጠይቁ ነበር።

ናሙናውና ደብዳቤው አንድ ላይ መዋላቸው ፍሬ ሰጠ። በ1926 ከፔርሲቫል ቤይሊ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ግላዮማ የተባሉትን ከ400 በላይ ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ መርምረው በሕዋሳቱ ዓይነት ከፋፈሉ፤ እያንዳንዱንም ክፍል ከበሽተኞቹ ዕድሜ ጋር አገናዘቡ። ሕዋሳቱ ለፅንስ ሕዋስ በቀረቡባቸው ክፉ ዓይነቶች ሰው በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ ሲቆይ፣ የበሰሉ ኮከብ መሰል ሕዋሳት ባሉባቸው ግን ከአምስት ዓመት በላይ ይኖር ነበር።

የመባዛቱን ፍጥነት በቀጥታ የሚያሳይ ምልክት ግን ኩሺንግ አልነበራቸውም። ኬአይ-67 የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በ1983 በጀርመን አገር በኪል ከተማ ይፋ ሆነ። በመባዛት ላይ ያሉትን ሕዋሳት ለይቶ ቀለም ያስይዛል፤ ከመቶው ስንቱ እንደ ቀለመ ይቆጠራል። በብዙ ዕጢዎች ቁጥሩ ከፍ ሲል የመመለሱ ሥጋት ይጨምራል። ይሁንና ቆጠራው ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይለያያል፤ አንድ ቁራጭም ለመላው ዕጢ ላይመሰክር ይችላል። ከመሠረቱ አንድ ጥግ ብቻ ናሙና ወስዶ የተሸወደ መሐንዲስ ይህን አይስተውም።

በጎረቤቴ ወረቀት ላይ የዕጢው ስም ብቻ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሰነበተ ጽፎ የጠየቀው የለም።

ኩሺንግ በ1931 በምርመራ የተረጋገጠ 2,000ኛ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምናቸውን አደረጉ፤ በ1939 በልብ ሕመም ዐረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በገዛ አንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረች አንዲት ትንሽ ዕጢ ተገኘች።