ኤሚል ቦዶና አምስቱ ቁልፎች

ኮምፒዩተር ጀርባ ያሉትን መሰኪያዎች መቼም ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፍላሹን ሰክተን ጽሑፉ ሲተላለፍ «በጀ» ብለን እንነሣለን እንጂ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በምን ተግባቡ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ጥያቄውን ይዘን ወደ ኋላ ስንሄድ አንድ የገበሬ ልጅ እናገኛለን።

ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. በ1845 በፈረንሳይ አገር ማኞ በምትባል መንደር ተወለደ። ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ከዚያ ወዲያ እርሻ ላይ ነበር። በ1869 በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ተቀጠረ። ሞርስን ተማረ፤ ቀጥሎም ፊደል በሚያትመው በሂዩዝ መሣሪያ ላይ 4 ወር ሠለጠነ። ጤናው ደካማ ስለ ነበረ ከሥራ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ችግር ይህ ነው። በሞርስ አንዱ ፊደል አንዲት ነጥብ ብቻ ሲሆን ሌላው አራት ምልክት ይፈጃል። የሠለጠነ ጆሮ ይለየዋል፤ መሣሪያ ግን ፊደሉ የት ላይ እንዳለቀ ለማወቅ ይቸገራል። ደግሞም ሠራተኛው እጁን ባሳረፈ ቁጥር ያ ሁሉ ሽቦ ሥራ ይፈታል።

ቦዶ በ1874 የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ ሁለቱንም ባንድ ላይ ፈታ። ፊደል ሁሉ እኩል አምስት ምልክት ሆነ፤ እያንዳንዱም ምልክት ከሁለት ዓይነት አንዱን ብቻ ይሆናል። ሁለትን አምስት ጊዜ ብናባዛ 32 እናገኛለን፤ ለላቲን ፊደል ይበቃል። (አምስት የሚለው ሐሳብ የሱ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ቀደም ብሎ ለምሥጢር ጽሑፍ አስቦት ነበር።) ሽቦውን ደግሞ የኛ ገበሬ የመስኖ ውኃ በተራ እንደሚያጠጣው አድርጎ፣ በሚዞር ማከፋፈያ ለብዙ ሠራተኞች አዳረሰው።

ሠራተኛው ፊት አምስት ቁልፎች አሉ፤ ሁለቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ። ተራው ሲደርስ መምታት አለበት፤ ቢዘገይ ፊደሉ ይበላሻል። ከበሮ መቺ ምቱን እንደሚጠብቅ ነው እንበል። እንዲህ ያለውን ነገር ለመልመድ ብዙ ልምምድ እንደሚያስፈልግ ለመገመት አያዳግትም።

መሣሪያው በ1877 በፓሪስና በቦርዶ መካከል ሥራ ጀመረ፤ በ1878 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ቦዶ በ1903 በ57 ዓመቱ ዐረፈ። በ1920ዎቹ ግን የቴሌግራፍ ባለሙያዎች በሴኮንድ የሚተላለፈውን ምልክት የሚለኩበትን መለኪያ በስሙ «ቦድ» አሉት።

ቆየት ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ 9600 ቦድ የሚል ያየን አለን። ያ መሰኪያ የሚሠራው ምልክቶቹን በአንድ ሽቦ ላይ አንዱን ካንዱ እያስከተለ ነው። በ1996 የወጣው ዩኤስቢም መንገዱ ያው ነው፤ ፍጥነቱ ግን አይገናኝም። በአንድ ገመድ ቁልፍ ሰሌዳውን፣ ማውሱን፣ ፍላሹን የሚያገናኘው ዶኪንግ ስቴሽን የሚሉት ዕቃም ቢሆን የቦዶን ማከፋፈያ ያስታውሰናል።

ታዲያ የኛ ፊደልስ? 33ቱን በ7 ብናባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር ማለት ነው። በቦዶ 32 ቦታ የሚገባ አይደለም። ለቴሌፕሪንተር መሐንዲስ ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛውን ሠርተዋል። በኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ጭረት ሆኖ ይወጣ ነበር። ገመዱ ደኅና ነው፤ መሰኪያውም ደኅና ነው፤ የጎደለው ስምምነት ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደላት የጋራ ቁጥራቸውን አገኙ። በፍላሽ የምናሻግረው «ሀ» አሁን 4608 ተብሎ ነው የሚሄደው፤ «ለ» 4616 ነው።