ጄምስ ዲን ዝና ሳያገኝ በፊት

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ አሜሪካዊውን የፊልም ተዋናይ ጄምስ ዲንን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

በዓመቱ መጀመሪያ የቴአትር ክበባችን ባቀረበው ተውኔት ውስጥ የእኔ ድርሻ የአንድ ዘበኛ ነበር። የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፥ እርሱንም ተመልካቹን ባየሁ ጊዜ ረሳሁት። ጦሬን እንደ ያዝሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ስወጣም በመጋረጃው ተጠልፌ ወደቅሁ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ተማሪ ነገሩን በእጅ ስልኩ ቀርጾት ኖሮ፥ በማግሥቱ ያላየው ሰው አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ያህል አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ፤ ስሜንም ከክበቡ መዝገብ ለማሰረዝ ቆረጥሁ። የጄምስ ዲንን ታሪክ ያነበብሁት በዚያ ሰሞን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ዲን የተወለደው በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር፥ ማሪዮን በምትባል ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ። በ1940 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ በካንሰር በሽታ ሞተችበት። አባቱ እዚያው ካሊፎርኒያ ሲቀር፥ ልጁ ከአያቱ ጋር የእናቱን አስከሬን በያዘው ባቡር ተሳፍሮ ወደ ኢንዲያና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ፌርማውንት በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ፥ እርሻ በነበራቸው በአክስቱና በባሏ ቤት አደገ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ዓይኑ ሩቅ የማያይ ስለ ነበረ መነጽር እያደረገ የቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። የቴአትር ፍቅር ያሳደረችበትም የትምህርት ቤቱ መምህርት ነበረች። በ1949 ዓ.ም. በንግግርና በትረካ ውድድር ከክፍለ ሀገሩ አንደኛ ወጣ፤ ለመላው አሜሪካ በተደረገው ውድድር ግን ሳያሸንፍ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አባቱ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። አባቱ አስተማማኝ እንጀራ የሚያስገኝ ትምህርት እንዲማርለት ይመኝ ነበር፤ ልጁ ግን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቴአትርን መረጠ። በ1950 ዓ.ም. በሼክስፒር ማክቤዝ የማልኮልምን ክፍል ሲጫወት፥ የተማሪዎቹ ጋዜጣ አጨዋወቱን ክፉኛ ነቀፈው። ይህን ሳነብ፥ በተማሪዎች ዘንድ መሣቂያ የሆንሁት እኔ ብቻ አለመሆኔን አይቼ ትንሽ ቀለለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ይህ በኋላ ዓለም የሚያደንቀው ሰው በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በታላቅ ተውኔት አይደለም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻ በተቀረጸ የፔፕሲ ኮላ ማስታወቂያ ላይ ነው። ሥራውም በእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው ለሚዞሩ ወጣቶች ጠርሙስ ማደልና ከሌሎች ጋር መጨፈር ነበር። ቀጥሎ በ1951 ዓ.ም. ለፋሲካ በቀረበ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ የሐዋርያው የዮሐንስን ክፍል አገኘ፤ የተሰጠው ንግግር ግን ጥቂት ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ስለ ነበር፥ እንጀራውን ለማግኘት ሲል በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አጠገብ የሰው መኪና እያቆመና እያወጣ ይሠራ ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያም ያገኘው የቴሌቪዥን ሥራ ከፊተኛው ይልቅ የሚያሳፍር ነበር። ሰዎች በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በፊኛና በክሬም አስቂኝ ጨዋታ እየሠሩ ሽልማት የሚያገኙበት አንድ ፕሮግራም ነበረ፤ የዲን ሥራ ጨዋታዎቹን አስቀድሞ እየሞከረ ሰዓቱ የሚበቃ መሆኑን ማሳየት ነበር። እንደሚነገረው እጅግ ቀልጣፋ ስለ ነበር፥ በእርሱ ፍጥነት የሌላውን ሰው ለመመዘን አልተቻለምና ከሥራው ተሰናበተ። በእነዚያ ዓመታት በፊልም ያገኛቸው ክፍሎችም ጥቃቅን ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. በወጣ አንድ ፊልም ላይ ወደ መጠጥ መሸጫ ገብቶ የሚጠጣውን ካዘዘ በኋላ ጨርሶ አይታይም።

እርሱ ግን ትንሽ ነው ብሎ የናቀው ክፍል የለም። በ1952 ዓ.ም. አክተርስ ስቱዲዮ በሚባለው የታወቀ የተዋንያን ማሠልጠኛ ተቀባይነት አገኘ። እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ ከሃያ በሚበልጡ የቴሌቪዥን ድራማዎች አንድ ጊዜ ሌባ፥ አንድ ጊዜ ወታደር፥ አንድ ጊዜ የእርሻ ሠራተኛ እየሆነ ተጫወተ። በዚያን ዘመን ብዙው ድራማ ለሕዝብ የሚታየው በሚሠራበት ደቂቃ ስለ ነበር፥ ቃሉን የረሳ ተዋናይ በብዙ ሺህ ቤቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ ይታይ ነበር። እኔ የረሳሁት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው! በ1954 ዓ.ም. አብረውት ከተጫወቱት አንዱ ሮናልድ ሬገን ነበሩ፤ እኒህ ሰው በ1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

በዚያው በ1954 ዓ.ም. በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ሲጫወት ከታየ በኋላ፥ ኤልያ ካዛን የተባሉት የፊልም አዘጋጅ ለኢስት ኦፍ ኤደን ፊልም መረጡት። በዚህ ፊልም የአባቱን ፍቅር አጥቶ የሚቃጠል ልጅ ሆኖ ተጫውቷል። አባትየው የልጁን የገንዘብ ስጦታ አልቀበልም ባሉ ጊዜ፥ ዲን በጽሑፉ ላይ ያልነበረውን አድርጎ እያለቀሰ አቀፋቸው። በዘጠኝ ዓመቱ ከአባቱ ተለይቶ በባቡር የሄደውን ልጅ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ መነካቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ታላላቅ ፊልሞች ብቻ ሠራ፤ እነርሱም ሬበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ እና ጃይንት ናቸው። በሴፕቴምበር 1955 ዓ.ም. ወጣቶች መኪና በጥንቃቄ እንዲነዱ የሚመክር አጭር የቴሌቪዥን ፊልም ተቀርጾ ነበር። ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ፥ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን፥ ለእሽቅድምድም በገዛት ፖርሽ መኪና ሲጓዝ በካሊፎርኒያ መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር፤ የተቀበረውም ባደገባት በፌርማውንት ነው። ከሞተ በኋላ ለሁለት ልዩ ልዩ ፊልሞች ለአካዳሚ ሽልማት በዕጩነት ቀርቧል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው በመንገድ ላይ መቸኮል የማይተካ ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት እውነት መሆኑን ነው። ከዲን የቴሌቪዥን ሥራዎች አንዳንዶቹ ጠፍተዋል፤ የተረፉትን ግን፥ ያንኑ የመጠጥ ማስታወቂያ ጭምር፥ ሰዎች ዛሬም እየፈለጉ ያያሉ። የሚያዩትም ሊሥቁበት ሳይሆን፥ ያን ትልቅ ተዋናይ በልጅነቱ ሊያገኙት ነው።

እኔም ስሜን ከክበቡ መዝገብ አላሰረዝሁም። በዓመቱ መጨረሻ ለምናቀርበው ተውኔት የደብዳቤ አዳይ ክፍል ተሰጥቶኛል፤ ንግግሬም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የዘበኛውን ፊልም የቀረጸውን ልጅ ቀድሞ አጥፋልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። አሁን ግን ለእኔም እንዲልክልኝ ጠይቄው ተቀብዬዋለሁ። እናቴ ባየችው ጊዜ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች፤ እኔም አብሬአት ሣቅሁ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን በዓመቱ መጨረሻ መጥተው እንዲያዩን በአክብሮት እጋብዛለሁ፤ መጋረጃውንም ተጠንቅቄ አልፋለሁ።