በ13 ዓመቱ ትምህርት ያቆመው የ214 ተራሮች ጸሐፊ

ዲግሪ ስለሌላችሁ ብቻ የጀመራችሁትን ነገር ለመተው ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ የአልፍሬድ ዌይንራይትን ታሪክ እናካፍላችሁ።

ዌይንራይት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1907 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ብላክበርን በምትባል የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ መጠጥም ያበዛ ነበር። ልጁ ገና በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ለዓመታት ማታ ማታ እያጠና የሒሳብ ባለሙያ ሆነ።

23 ዓመት ሲሞላው ባጠራቀማት ገንዘብ ሌክ ዲስትሪክት ወደሚባለው የሐይቅና የተራራ አገር ለአንድ ሳምንት ሄደ። መጀመሪያ የወጣው ኦረስት ሄድ የሚባል 240 ሜትር እንኳን የማይሞላ ጉብታ ነው። ግን ከላዩ ላይ ሆኖ ከታች የዊንደርሜርን ሐይቅ፣ ከማዶ የተደረደሩትን ተራሮች ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። በ1941 ደሞዙ ቢቀንስም አካባቢው ወዳለችው ኬንዳል ከተማ ተዛውሮ መኖር ጀመረ።

በ1952 አንድ ሥራ ጀመረ። በሥራ ቀናት ቢሮ፣ በእረፍት ቀን ተራራ፣ ማታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ። መኪና አይነዳም፤ በአውቶቡስ ሄዶ በእግሩ ይወጣል። መንገዱን፣ ካርታውን፣ ከጫፍ የሚታየውን ሁሉ በእጁ ስሎ በእጁ ይጽፋል። 100 ገጽ ያህል ከሠራ በኋላ የመስመሮቹ ጫፍ እኩል ስላልሆነ ብቻ ትቶት እንደገና ከዜሮ ጀመረ! በ13 ዓመት ውስጥ 7 መጽሐፍ ወጣው፤ 214 ተራሮች ተካተቱበት።

ከነዚህ መሃል 8ቱን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል። ፌርፊልድ ሆርስሹ የሚባለው ጉዞ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ሸንተረር ወጥታችሁ፣ 873 ሜትር ላይ ፌርፊልድን ረግጣችሁ፣ በሌላው ሸንተረር ትወርዳላችሁ። ከላይ በየአቅጣጫው ተራራ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሎታል። የመጀመሪያ ትዳሩ ከድሮም ፍቅር የራቀው ነበር፤ እሱም ከቤት ይልቅ ተራራውን መረጠ። ሚስቱ በመጨረሻ ጥላው ሄደች። ይህን የምንነግራችሁ ታሪኩ የጀግና ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። በ1970 ሁለተኛ ሚስት አገባ። ከመጽሐፎቹ ያገኘውን አብዛኛውን ገንዘብ ደግሞ ለተጣሉ እንስሳት መጠለያ ሰጠ።

በስተመጨረሻ ዓይኑ ደከመ፤ እነዚያን ተራሮች አጥርቶ ማየት አቃተው። በ1991 ሲሞት አመዱ በኑዛዜው መሠረት ሄይስታክስ የሚባል የሚወደው ተራራ ላይ ተበተነ።

ዛሬ እነዚያ 214 ተራሮች በጅምላ የሚጠሩት በስሙ ነው፦ ዌይንራይትስ። ያ ሁሉ የተሠራው ከቢሮ በተረፈ ሰዓት ነው። እስቲ የእናንተን የተረፈ ሰዓት ቁጠሩት።