ዳያን ፎሲ

የተራራ ጎሪላዎችን ጠባይና አኗኗር በቅርብ ተከታትላ ለዓለም ያስታወቀችው ዳያን ፎሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ወላጆቿ ስለ ተፋቱ ያደገችው በእንጀራ አባቷ ቤት ነበር። የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ተመኝታ ዩኒቨርሲቲ ብትገባም ፊዚክስና ኬሚስትሪ አልሆኑላትም። በዚህ ምክንያት የትምህርት መስኳን ለውጣ በ1954 ዓ.ም. ተመረቀች፤ ከዚያም በሉዊቪል ከተማ በአንድ ሆስፒታል የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ትረዳ ጀመር።

በ1963 ዓ.ም. ገንዘብ ተበድራ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጓዘች። በታንጋኒካ፣ ኦልዱቫይ በተባለው ሸለቆ፣ የሰውን ልጅ አመጣጥ ከሚመረምረው ከዶክተር ሉዊስ ሊኪ ጋር ተዋወቀች። ሊኪ የጥንቱን ሰው ኑሮ ለመገመት በሕይወት ያሉትን የሰው ዘመዶች ማጥናት ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሉዊቪል ድረስ መጥቶ ጎሪላዎችን እንድታጠና ጠየቃት፤ ሐኪም በሌለበት ጫካ እንዳትቸገር ትርፍ አንጀቷን አስቀድማ እንድታስወጣም ነገራት። እርሷም ሳታመነታ አስወጣች። ከሆስፒታል ስትመለስ የጠበቃት ደብዳቤ ግን ሊኪ ይህን ያለው ቁርጠኝነቷን ለመፈተን ብቻ እንደ ነበር የሚገልጽ ነበር!

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮንጎ ተራሮች ላይ ሥራዋን ጀመረች። በዚያው ዓመት በሐምሌ በአገሩ ሁከት ስለ ተነሣ ወታደሮች ከተራራው አስወርደው ያዟት፤ አምልጣም ወደ ዩጋንዳ ገባች። ሆኖም ተስፋ ሳትቆርጥ በመስከረም ወር በሩዋንዳ፣ በካሪሲምቢና በቪሶኬ ተራሮች መካከል፣ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ድንኳኗን ተከለች። የሰፈሩንም ስም ከሁለቱ ተራሮች ስም አጣምራ ካሪሶኬ አለችው።

ጎሪላዎቹ ሰው ባዩ ጊዜ ይሸሹ ነበር። ዳያን በብርዱና በጭቃው ውስጥ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች፣ እንደ እነርሱ ሰውነቷን እያከከች፣ ቅጠል እያኘከች፣ ሲጠግቡ የሚያሰሙትን ድምፅ እየቀዳች ቀስ በቀስ አለማመደቻቸው። እያንዳንዱንም በአፍንጫው ላይ ባለው መስመር ትለየው ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ወንድ ጎሪላ እጁን ዘርግቶ እጇን ነካ። በአገራችን እንደሚታወቁት ዝንጀሮና ጦጣ ጭራ የሌለው ይህ ግዙፍ እንስሳ በተረትና በሲኒማ አስፈሪ አውሬ ተደርጎ ሲቀርብ ኖሯል። እርሷ ያየችው ግን ቅጠልና ግንድ እየበላ በቤተሰብ የሚኖር፣ ደረቱንም የሚደቃው ብዙውን ጊዜ ለማስፈራራት ብቻ የሆነ ፍጡር ነበር። መልካሙን ብቻ መርጣ አልጻፈችም፤ ባዕድ ወንድ የሌላውን ግልገል እንደሚገድልም መዝግባለች። በዚህ ጥናቷ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ጎሪላ ዲጂት ይባል ነበር። በ1977 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን አዳኞች መጡ፤ ዲጂት ወገኖቹ እስኪያመልጡ ድረስ ተጋፍጦ በአምስት የጦር ቁስል ሞተ። ራሱንና እጆቹን ቆርጠው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የዳያን ሥራ ከጥናት ይልቅ ወደ ጦርነት አዘነበለ። በዲጂት ስም የእርዳታ ገንዘብ አቋቋመች፤ ወጥመድ አስነቀለች፤ የአዳኞችን ጎጆ አቃጠለች፤ የተያዙትንም አሠቃየች። በዚህ ረገድ ልትወቀስ ይገባታል። በተራራው ግርጌ የሚኖረው ገበሬ መሬት የጠበበው ችግረኛ ነበር፤ ከፓርኩም ሰፊውን ክፍል የወሰደው አዳኝ ሳይሆን የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የሚሠራበት የፓይረትረም አበባ እርሻ ነው። ቢሆንም በ1981 ዓ.ም. በቪሩንጋ ተራሮች የተቆጠሩት ጎሪላዎች 250 ያህል ብቻ ነበሩና ሥጋቷ ከንቱ አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. ስለ ጎሪላዎቹ የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. በካሪሶኬ ጎጆዋ ውስጥ በቆንጨራ ተመትታ ሞታ ተገኘች። የሩዋንዳ ፍርድ ቤት አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሌለበት ቢፈርድበትም ገዳይዋ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተቀበረችው ራሷ ባዘጋጀችው የጎሪላዎች መቃብር፣ በዲጂት አጠገብ ነው። በ1990ዎቹ ጦርነት ሰፈሯ ፈረሰ፤ ጥናቱ ግን በኋላም ቀጥሏል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የቪሩንጋ ጎሪላዎች 604 ሆነው ተገኝተዋል።